ዶማ የሚፈተንባት ማሳ

ሙሳ ያን ቃል በእርግጥ ተናግሮት ይሁን፣ ወይስ የደረሰበትን ከሰማሁ በኋላ እኔው አፉ ላይ ያኖርሁለት፣ ዛሬም አልለየሁትም። ብሳሳት ታገሡኝ።

«ሙያ በልብ ነው» ይባላል። አሶሳ ላይ ብረት ሥራ ያስተማረን ኡስታ ኢድሪስ ግን ሙያ በወገብ ነው ባይ ነበር። («ኡስታ» እዚያ የእጅ ባለሙያ ማክበሪያ ነው። በእኛ ደጋ ቀጥቃጩን ቡዳ ብለን ሰድበን ስናበቃ በሠራው ዶማ ለመቆፈር አናፍርም።) ሁለት ምድጃ ነበረው፤ አንዱ የገበያ፣ ሌላው የተማሪ። በተማሪው ምድጃ ቆሞ ማየት የለም። ከሰሉን የሚያከስለው፣ ወናፉን የሚነፋው፣ ብረቱን ቀጥቅጦ ውሃ የሚያጠጣው፣ እጀታውን የሚያስገባው ያው አንዱ ተማሪ ነው። ከዚያ ዶማውን ይዞ ከቤቱ ጀርባ ወዳለችው ማሳ ይሄዳል፤ ከማለዳ እስከ እኩለ ቀን ይቆፍራል። ዶማው ካልታጠፈ አለፈ። ከታጠፈ፣ ወገቡን እያሸ ተመልሶ ወደ ወናፉ። የመምህር ፊት ያዳላ ይሆናል፤ መሬት ግን ለማን ያዳላል? እንዲያ ይመስለን ነበር።

ከመካከላችን በእጁ ሙሳን የሚያህል አልነበረም። የባምባሲ ሰው የሆኑት የእጮኛው አባት «ከዝናቡ በፊት ለመንደሬ ዶማ ካደረስህ ልጄን ትወስዳለህ» ብለውታል። እናም የተፈተነ ዕለት እንደ ሙሽራ እየሳቀ ቆፈረ።

«ቆፍር! ሙሽራ አፈር አይፈራም!» አለው ኡስታ።

«ኡስታ፣ ይቺ ማሳ ቅቤ ነው እኮ!»

«ማሳዋ አይደለችም፣ ዶማህ ነው ጎበዝ! ወላሂ አልፈሃል፣ ሂድ!»

ሁላችንም ሳቅን። ያጠራጠረኝ ቃል ይኸው የቅቤው ነው።

ሙሳ ባምባሲ ወርዶ ሌት ተቀን ቀጠቀጠ፤ ለየቤቱ ዶማ አደለ። ዝናቡ ጣለና መንደሩ ሁሉ ወደ ጭንጫው ወጣ። ዶማው እንደ ውሻ ጆሮ ታጠፈ። አንዱ ገበሬ አሮጌ ዶማውን ፍለጋ ተመለሰ፤ ሌላው ዘሩን ይዞ ቆሞ ቀረ። የልጂቱ አባት አልተቆጡም። «ልጄ፣ ዶማህም እንዳንተ ለስላሳ ነው» ብለው ሸኙት። ልጂቱ ለሌላ ተዳረች። ሙሳም መዶሻውን ጥሎ ከአህያ ነጋዴዎች ጋር ወደ ሱዳን በኩል አቀና፤ ያን የመሰለ እጅ የአህያ ጭነት ማሰሪያ ሆኖ ቀረ።

ወሬው ሲደርሰን ኡስታ ራሱን ነቀነቀና «ልጁ ቸኩሏል» አለ። እኛም ቸኩሏል አልን። የሌለ ሰው ምን ብሎ ይከራከራል?

ኡስታን አልወቅሰውም። እሱ በወጣትነቱ ዶማውን ሲፈትን ማሳዋ ጭንጫ ነበረች አሉ፤ ስለዚህ እጁ ጠንካራ ዶማ እንጂ ሌላ አያውቅም። ከዚያ ወዲህ ግን ተማሪ በተማሪ ላይ እየተተካ ገለበጣት፤ ድንጋይዋ ተለቀመ፣ ሥሯ ተመነገለ። እሷ ያልጠየቀችንን ጥንካሬ ደግሞ ማን ይጨነቅበታል? ይህን ያሰብሁት ሙሳ ከሄደ በኋላ ነው። ሐሳብ ብቻውን ስለማያሳርፈኝ፣ ኡስታ ገበያ የወጣ ዕለት አንድ እንጨት አሹዬ ወደ ማሳዋ ገባሁ፤ እንደ ደንቡ ከማለዳ እስከ እኩለ ቀን ቆፈርሁ።

እንጨቱም አለፈ።