የቀረ ሰው ጥቅም

በጎ የሚሠራ ሰው ሁሉ የሚሠራው ለገዛ ደስታው ነው! አትቆጡ… እኔም ስልኬ ላይ ሳነበው ተቆጥቼ ነበር። ኋላ ግን አመንኩ። ደብተር ገዛሁና መሐሉን አሰመርኩ፤ በግራ ደስታ፣ በቀኝ ሥቃይ። ምንም ነገር ከማድረጌ በፊት ከዐሥር ነጥብ እየሰጠሁ እደምራለሁ። "ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም" ይባላል፤ ሞኙ ወረቀት ሲይዝ ምን እንደሚሆን ግን ተረቱ አልነገረኝም።

አንድ ማለዳ የቅሬያችን ጡሩምባ ተነፋ። (ቅሬ እናንተ እድር የምትሉት ነው።) ከላይ ሰፈር አንድ ሽማግሌ ዐርፈዋል፤ መቃብር የመቆፈሩ ተራ የእኛ ነው። እናንተ የላሊበላን አለት መጥታችሁ ታደንቁታላችሁ፤ እኛ መቃብር እንቆፍርበታለን! ደብተሬን ገለጥኩ። ዶማና አለት፦ ሥቃይ ዘጠኝ። የአሸተን ተራራ ብርድ፦ ሥቃይ ስድስት። የሟች ደስታ፦ ዜሮ። ብርድ ልብስ ውስጥ መቆየት፦ ደስታ ስምንት ተኩል። (ግማሿን የጨመርኳት ለጥንቃቄ ነው።) ተመልሼ ተኛሁ።

እሑድ ቅሬው ጠራኝ። እናቴ ከወዲሁ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተከተለችኝ።

"ከቅሬ ከሰረዙህ እኔን ማን ይቀብረኛል?"

"እማ፣ አልሞትሽም እኮ!"

"በንዴት ልሞት ነው!"

የቅሬው ዳኛ አያ ሞላ ለመከላከያ ያቀረብኩትን ደብተሬን ዐይናቸው ድረስ አስጠግተው አንድም ቁጥር ሳይዘሉ አነበቡት። አልተቆጡም። ያስፈራኝም ይኸው ነው።

"ልጄ፣ ሒሳብህ ጎደሎ ነው። የእኛን ደስታ የት ጻፍከው?"

"የምን ደስታ አያ?"

"አንተን ስናማ የዋልነውን ነዋ! ዐሥራ ሁለት ሰው ነን። ከስንፍናህ ጀምረን እስከ አረማመድህ ስንወርድ፣ በሳቅ ስንፈርስ፣ አለቱ መቼ እንዳለቀ አላወቅንም። እንዲህ ቶሎ ያለቀ መቃብር በዕድሜዬ አላየሁም!"

ሰው ሁሉ "እውነት ነው" ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

"ስለዚህ አንሰርዝህም" አሉ። እናቴ እልል ልትል አፏን ስትከፍት ቀጠሉ፤ "ግን ከእንግዲህ ቀብር በሆነ ቁጥር ቅር።"

"ኧረ አያ፣ መምጣት እፈልጋለሁ!"

"ደስ ይልሃል?"

"አይለኝም!"

"ታዲያ ምን ልሁን ብለህ ትመጣለህ?"

የዐሥራ ሁለት ሰው ሳቅ ከአንድ ሰው ስም ይበልጣል፤ በገዛ ደብተሬ ተረታሁ። ያዳነችኝ እናቴ ናት።

"ይመጣል!" ብላ ተነሣች። "ሰው በሞተ ቁጥር ልጄን ስታሙ ልትውሉ? ይመጣል ብያለሁ!"

ፍርዱ በዚሁ ተዘጋ። የእናትን ቁጣ በነጥብ የሚለካ ፈላስፋ ገና አልተወለደም።

በሚቀጥለው ቀብር ከሁሉም ቀድሜ ደረስኩ። የዚያን ቀን የቀረው የሰፈራችን አናጢ ነበር። ወይ ጉድ! ስለሚወላገደው ወንበሩ፣ ስለማይከፈተው መስኮቱ… እኔ ዝምተኛው እንኳ እቤቴ የገጠመልኝን በር ሦስት ጉድለት ከነልኩ ዘረዘርኩ። ዶማውን ጥለው ሳቁ። እጄ ውኃ ቋጠረ፣ ወገቤ ተቆረጠ፤ እንዲያ ያለ ደስታ ግን አይቼ አላውቅም።

እኩለ ቀን ላይ የአናጢው ጉድ እያለቀ መጣ። ከጠዋት ጀምሮ ሁላችንንም ሽንት ወጥሮናል፤ ከጉድጓዱ ወጥቶ ወደ ቁጥቋጦው ዞር ለማለት የደፈረ ግን አንድም ሰው አልነበረም።