ስም አይጠራም

(ጀሞ፣ የኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ። ሄርሜላ ከሴቶች ኅብረቱ የሰላም ውይይት ሥልጠና ደብተሯን ታቅፋ ስትመለስ፣ ልብስ ሰፊዋን ቀመሪያን ሦስተኛ ፎቅ በሯ ላይ ቆማ አገኘቻት። ቀመሪያ ወይን ጠጅ ቀሚስ ይዛለች።)

ሄርሜላ፦ «አንቺ እንዲህ አደረግሽ» አይባልም አልኩሽ! «እኔ» ብለሽ ነው የምትጀምሪው።

ቀመሪያ፦ እሺ። እኔ በረኪና ደፋሁ።

ሄርሜላ፦ አንቺ ነሽ እንዴ የደፋሽው?

ቀመሪያ፦ ወላሂ አይደለሁም። በእኔ ጀምሪ ስላልሽኝ ነው።

ሄርሜላ፦ በስመአብ! ስሜትሽን ተናገሪ፣ ስሜትሽን።

ቀመሪያ፦ በረንዳዬ ላይ የሰቀልኩት ቀሚስ ከላይ በወረደ በረኪና ዝንጉርጉር ሆኖ ሳየው አለቀስኩ። የአንዲት ሙሽራ እናት ቀሚስ ነው። በዚህ ወር ሦስተኛው ነው፤ አንዴ ከተደገመ ደንበኛ የለኝም፣ የስፌት መኪናዬን ሸጬ ቁጭ ነው።

ሄርሜላ፦ (እየጻፈች) ጎበዝ! ለሚቀጥለው ሥልጠና እያንዳንዳችሁ አንድ ጠብ አብርዳችሁ ኑ ተብለናል፤ ያንቺን እወስደዋለሁ። ማን ናት የደፋችው? ቆይ! እንዳትነግሪኝ! ስም አይጠራም።

ቀመሪያ፦ ልጠራልሽ ነበር እኮ።

ሄርሜላ፦ አይጠራም! ስም ከተጠራ ወገን መያዝ ይመጣል። ፎቋን ብቻ።

ቀመሪያ፦ አራተኛ።

ሄርሜላ፦ እኔ ያለሁበት? እንዴት ሳልሰማ! መቼ መቼ ነው የምትደፋው?

ቀመሪያ፦ በረንዳዋን ስታጥብ። ማክሰኞና ሐሙስ፣ ሥልጠና ልትሄድ ስትል።

ሄርሜላ፦ የእኛን ሥልጠና? ከእኛ ጋር ተቀምጣ? ይቺ አስመሳይ! ነግረሻታል ግን?

ቀመሪያ፦ ሁለቴ ወጥቼ ነበር። ሳልጨርስ ስለ ማዳመጥ አስተማረችኝ።

ሄርሜላ፦ እንዲህ ያለችዋ ናት የምታሰድበን! ደንቆሮ!

ቀመሪያ፦ መሳደብ ይቻላል እንዴ?

ሄርሜላ፦ ስም እስካልተጠራ ድረስ ችግር የለውም። ነይ ውጪ፣ በሯን አሳዪኝ። ዛሬውኑ ይቅርታ ካልጠየቀችሽ፣ ቀሚሱንም ካልተካችልሽ፣ እኔ ሄርሜላ አይደለሁም!

ቀመሪያ፦ እሱንም ጻፊው።

ሄርሜላ፦ እጽፈዋለሁ! እፈርማለሁም!

(ቀመሪያ ከፊት፣ ሄርሜላ እየጻፈች ከኋላ ይወጣሉ። አራተኛ ፎቅ ላይ በሮቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው። ቀመሪያ አንዱ ጋ ትቆማለች። ሄርሜላ ከደብተሯ ቀና ሳትል በቡጢ ትደበድበዋለች።)

ሄርሜላ፦ ክፈቺ! ተደብቀሽ የትም አትደርሺም! (ደግማ ትደበድባለች) አየሽ ንቀቷን? አትከፍትም።

ቀመሪያ፦ (ቀሚሱን የበሩ እጀታ ላይ አንጠልጥላ መውረድ ትጀምራለች) ሠርጉ ቅዳሜ ነው፣ እህቴ። የበሩ ቁልፍ አንቺ ጋ ነው።