መብራት ልመና የሄዱ ሽማግሌዎች

ሽማግሌ ልትልኩ ነው? እንግዲያውስ በእግር ላኩ! እግር ከደከመ በአህያ ላኩ። በኤሌክትሪክ መኪና ግን... ኧረ በሕግ አምላክ!

የእህቴ ልጅ ታምራት ሰሞኑን ከአዲስ አበባ አዲስ መኪና እየነዳ ሆሳዕና ከች አለ። ቤንዚን አትጠጣ፣ ጭስ አታውቅ፣ ድምፅ የላት።

«አጎቴ፣ ዓለም ዲጂታል ሆኗል!» አለኝ። «የማደያ ሰልፍ ድሮ ቀረ። እኔ መኪናዬን በስልኬ ነው የማዛት።»

ተማሪዎቼን ፊታቸው ቆሜ ማዘዝ ያቃተኝ መምህር በቅናት ልፈነዳ!

ታምራት እዚሁ አጠገባችን ሶሮ ወረዳ፣ ጊምቢቹ ከተማ ውስጥ ልጅ ወዷል፤ ምሕረት ትባላለች። ከአባቷ ከአቶ ሀንዲሶ ዘንድ ሽማግሌ ሆነን የምንሄደው እኔና የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋሽ ኤርሲዶ ነን። በወጉ ልጁ አብሮ አይመጣም። ግን ያቺን መኪና ከሱ ሌላ ማን ይንዳት? «ሹፌር ነህ፤ ከመኪናው ንቅንቅ እንዳትል!» ብለን አስጠነቀቅነው።

ጠዋት ጋሽ ኤርሲዶ ጸለዩልንና ተሳፈርን። «ቻርጅ አላት?» ስለው ስልኩን አሳየኝ። ሰማንያ አምስት በመቶ ይላል። ስልኩ ኔትወርክ አጥቶ የትናንቱን ቁጥር ይዞ እንደቀረ በምን ልወቅ? ለካ ልጁ ትናንት ከሰዓት በኋላ ከተማውን ሲዞርባት ውሎ፣ ማታ ቻርጅ ላይ ሰክቷት ተኝቷል። መብራት ጠፍቶ መኪናዋ ጦሟን አድራለች።

የመኪናዋ ስክሪን ደግሞ ከላይ እስከ ታች ቻይንኛ ነው። የሚገባን ነገር ቢኖር አንድ ቁጥር ብቻ።

«ይቺ አሥራ ስምንት ምንድን ናት?» አሉ ጋሽ ኤርሲዶ።

«የውጭው ሙቀት ናት ጋሼ» አለ ታምራት በሙሉ ልብ።

ጥቂት እንደሄድን ቁጥሯ አሥራ ሁለት ሆነች። ጋሽ ኤርሲዶ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ። ዘጠኝ ስትሆን ተከናነቡ። አምስት ስትሆን «የሶሮን አየር ምን ነካው ልጆቼ? ብርድ ሊገድለን ነው እኮ!» ብለው መስኮቱን አስዘጉን። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ሦስታችንም በላብ ተዘፍቀን እንንቀጠቀጣለን! አትሳቁ፤ ዲጂታል ከተናገረ ማን ይከራከራል?

በመጨረሻ ከመኪናዋ ውስጥ አንዲት ቻይናዊት መጮህ ጀመረች። «ምን ትላለች?» ብንለው «እንኳን ደህና መጣችሁ ነው የምትለው» አለን። ወዲያው መኪናዋ እዚያው አቀበቱ ላይ፣ የአቶ ሀንዲሶ በር እየታየን፣ ፀጥ አለች።

ድሮ ነዳጅ ያለቀበት ሰው ጀሪካን ይዞ ይሮጣል። መብራት በጀሪካን አይቀዳ ነገር! ቻርጅ ማድረጊያ ጣቢያ ፍለጋም ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። ስለዚህ ሙሉ ልብስ የለበስን ሁለት ሽማግሌዎች ከኋላ ሆነን እየገፋን፣ ሙሽራው መሪ ይዞ፣ ከነመኪናችን እጮኛ ልመና ገባን።

አቶ ሀንዲሶ በሩ ላይ ቆመው «ግቡና ተቀመጡ» አሉን። በወጉ መሠረት እኛም ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አልን።

«ምን ልትለምኑ መጣችሁ?» አሉ።

ጋሽ ኤርሲዶ ላባቸውን ጠርገው ቃሉን አሳመሩት። «በቤትዎ ውስጥ ያለውን ብርሃን ፈልገን ነው የመጣነው።»

ታምራት ከመኪናው ውስጥ አንገቱን አወጣ። «ገመዱ አጭር ስለሆነ በመስኮት በኩል ያለው ሶኬት ቢሆንልን!»

ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ! ግን የጨነቀው እርጉዝ ያገባልና ሶኬቱንም ለመንን። አቶ ሀንዲሶ ግራ እየገባቸው ፈቀዱ። ሰካነው። ቷ! ብሬከሩ ወረደ፤ ቤቱ ውስጥ ሲዘምር የነበረው ቴሌቪዥን ዝም አለ። መልሰው አነሱት። ቷ! ለሦስተኛ ጊዜ ልንሰካ ስንል ምሕረት ራሷ ወጣች። ለካ ኮሌጅ ኤሌክትሪሲቲ ነው የተማረችው!

«ስልኩን አምጣ» አለችው ታምራትን። እዚያ ኔትወርክ ነበርና ሰማንያ አምስቱ ዓይናችን እያየ ሁለት ሆነ። ልጅቷ ስልኩ ላይ ነካ ነካ አደረገች። «አንዴ ብዙ ስትስብ ቤቱ አይችላትም። በትንሽ በትንሹ እንድትሞላ አድርጌያታለሁ።» ሰካች። ብሬከሩም አልወረደ፤ ቴሌቪዥኑም መዘመሩን ቀጠለ።

«እስከ ስንት ሰዓት ትሞላለች?» አልኩ።

«ሆሳዕና የምታደርሳችሁን ያህል... እስከ አሥራ አንድ ሰዓት» አለችና ወደ አባቷ ዞረች። «አባባ፣ ሹፌሩም ይውረድ እንጂ፤ ፀሐይ እየመታው ነው።»

አቶ ሀንዲሶ ሹፌሩን አዩ፤ ልጃቸውን አዩ፤ ሹፌሩን ደግመው አዩ። ሁሉም ነገር ገባቸው።

ጉዳያችንን ተናገርን። እሳቸውም ኮስተር ብለው «እኛ ዘንድ ልጅ በአንድ ቀን አይሰጥም። ሂዱና ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ» አሉን።

«እሺ» አልን። ማንም አልተንቀሳቀሰም።

«ሂዱ እንጂ!»

«በምን?» አሉ ጋሽ ኤርሲዶ በትሕትና።

ተቀመጥን። በቅቤና በአይብ ያበደ የቆጮ ምግባችን አታካና ቀረበ፤ ሽታው ይጣራል። ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀምስም አልን። እንግዳ ሳይበላ ባለቤት አይበላምና አቶ ሀንዲሶም ጾማቸውን ዋሉ። የጋሽ ኤርሲዶ ሆድ ብቻ ሽምግልናውን ቀጥሏል። አቶ ሀንዲሶ በየሰዓቱ ተነሥተው የካርድ ቆጣሪያቸውን ያያሉ። ቁጥሩ ሲወርድ ፊታቸውም አብሮ ይወርዳል።

አሥር ሰዓት ላይ ባለቤታቸውንና ምሕረትን ጓዳ ጠርተው አማከሩና ተመለሱ።

«ሽማግሌ ሦስት ጊዜ ይመላለሳል። እናንተ ግን ሦስቱንም ቀን ዛሬውኑ ተቀመጣችሁት። ልጅቷም ፈቃዴ ነው ብላለች። ሰጥተናችኋል! በሉ ብሉ፤ እኔም ልብላ!»

እልል ተባለ። ታምራት የሹፌርነቱን ረስቶ የአማቱን ጉልበት ሳመ። አታካናው እንዴት እንደጠፋ አልናገርም።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ልንወጣ ስንል አቶ ሀንዲሶ ክንዴን ይዘው ወደ ጥግ ወሰዱኝ።

«መምህር፣ አንድ ነገር ቃል ግቡልኝ።»

«ምን ልግባልዎት? ልጅቷን እንድናከብርልዎት?»

«እሱንማ ራሷ ታስከብራለች!» አሉ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ለሠርጉ ሚዜዎቹ በናፍጣ ይምጡልኝ።»