የአቧራው መድኃኒት

የሰፈር ስብሰባ ላይ እጁን ሳያወጣ መዋል የማይችል ሰው አለ። ምንም ችግር ቢነሣ መፍትሔ አያጣም። እናንተ ሰፈርስ የለም? እኛ ሰፈር፣ ወሰን፣ ያለውን ላጫውታችሁ፤ ስሙን ግን አትጠይቁኝ።

በበጋ መንገዳችን አቧራ ብቻ ነበር። ሰውዬው ተነሣና ጉሮሮውን ጠርጎ፣ "ጋራዦቹ የሚጥሉት የተቃጠለ ዘይት አለ፤ መንገዱ ላይ እናፍስሰው" አለ። ተጨበጨበለት። ኮተቤ የሚያስተምሩት ወይዘሮ አልማዝ ብቻ፣ "ዝናብ ሲመጣስ? ከታች ረግረጉ ውስጥ አይገባም?" ብለው ጠየቁ።

"እርስዎ ደግሞ ለእንቁራሪት ያስባሉ?" አላቸው። ተሰብሳቢው በሳቅ ፈረሰ። በርሜሉ እየተንከባለለ መጣ፣ ዘይቱ ፈሰሰ፣ አቧራው ተኛ። ሰውዬው አገር ያቀና ያህል ደረቱን ነፍቶ ሰነበተ።

ክረምት ገባ። ከእንጦጦ የወረደው ጎርፍ መንገዱን አጥቦ ዘይቱን ረግረጉ ውስጥ ከተተው። ሰውዬው በዚያ ሲያልፍ እንቁራሪቶቹ ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፍፈው አገኛቸው። አንዷን በእንጨት ነካ አደረጋት። አልዘለለችም።

በቀጣዩ ስብሰባ ሰፈርተኛው ጋቢ ገዝቶ ጠበቀው። አንዲት እናት እያለበሱት፣ "አቧራውን አጠፋህልን፤ ያ የእንቁራሪት ጩኸትም ቀረልን። እጅህ ይባረክ" አሉት። ወይዘሮ አልማዝ ከኋላ ሆነው ያዩታል።

ያ ሁሌ የሚናገር ሰው ጎንበስ ብሎ ትከሻውን ሰጠ።

ጋቢው አሁንም ቁም ሳጥኔ ውስጥ ነው። በዚህ ሁሉ ብርድ አንድ ቀን ለብሼው አላውቅም።