ክቡር ቆይ እስቲ ሶፍትዌር ገዙ አሉ

ዓርብ ጠዋት ወሬውን ማተሚያ ቤት ያደረሰው ወረቀት አቅራቢው ነው። «ሰማሽ? ቆይ እስቲ ገዛ! ያንን ዋናውን የዲዛይን ሶፍትዌር! በአንድ ቀን ወስኖ፣ የሳሙናውንም ሌብል ራሱ ሠርቶ ጨርሶታል አሉ።»

የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ሳቋ አፈናት። «ማን? ማውዝ ለመምረጥ ስምንት ወር የፈጀው ሰውዬ? ሂድ እባክህ፣ ወረቀትህን አራግፍ!»

ዕቃውን ሳይገዛ ከሻጩ በላይ የሚያውቅ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። የማተሚያ ቤቱ ዲዛይነር ክቡር ቆይ እስቲ ግን የእነዚህ ሁሉ ሊቀ መንበር ናቸው። ሶፍትዌሮችን የሚያነጻጽር ሠንጠረዥ አላቸው፤ አርባ ሁለት ረድፍ፣ ስድስት ቀለም፣ በነፃ ፕሮግራም የተሠራ። ያየው ሁሉ ሮጦ ገዝቷል። ፎቶ አንሺው ገዛ፣ የሠርግ ካርድ ሠሪዋ ገዛች፣ የጥርስ ሐኪሙ እንኳ ምን እንደሚሠራበት ሳያውቅ ገዛ። ክቡርነታቸው ብቻ «ቆይ እስቲ፣ ነገሩን ከሁሉም ጎን እንየው» እንዳሉ ቀሩ።

አልሞከሩም ማለት ደግሞ ግፍ ነው። የሰባት ቀኑን ነፃ ሙከራ ጀምረው ስድስቱን ቀን ስለ ሶፍትዌሩ የሰው አስተያየት ሲያነቡ፣ ሰባተኛውን የመሥሪያ ገጹን ቀለም ሲመርጡ አለቀባቸው። በእህታቸው ኢሜይል ደገሙ፤ በአማቻቸው ሠለሱ። ባለፈው ሳምንት ተራው ጡረታ የወጡት እናታቸው ኢሜይል ላይ ደረሰ።

ሳቋ ሲበርድላት የማተሚያ ቤቱን ባለቤት ጭንቀት ያዛት። በነፃው ፕሮግራም ተሠርቶ የመጣው የሳሙና ሌብል ቀለሙ ጽጌረዳ መምሰል ሲገባው ከማሽኗ ሲወጣ ጉበት መስሎ ነበር። ሳሙና አምራቹም «እስከ ዓርብ ስድስት ሰዓት ካልተስተካከለ ሌላ ዲዛይነር አለኝ» ብሎ ቁርጡን ነግሯታል። ሥራው ከሄደ ሰውዬውን በምን ታቆያቸዋለች? ሁለት ሺህ የግድግዳ ካላንደር ሊታተም ማሽን ላይ ከወጣ በኋላ «ቆይ እስቲ፣ ይህ ወር ሠላሳ ሁለት ቀን አለው እንዴ?» ብለው ከኪሳራ ያዳኗት እኮ እሳቸው ናቸው።

ሰኞ ለት ለምናቸው ነበር።

«አንተ ሰውዬ፣ ግዛና ገላግለኝ!»

«ቆይ እስቲ እትዬ፣ በሚቀጥለው ዓመት አዲስ ይወጣል እየተባለ...»

«እስከዚያ ሰው ሳይታጠብ ይጠብቅሃላ!»

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ኮምፒውተሯ ጮኸ። ፋይሉ መጥቷል። ዓይኗን ጨፍና ከፈተችው፤ አንድ ናሙና አተመች። ቀለሙ ጽጌረዳ ነው፤ ጉበት የለ፣ ኩላሊት የለ። ከአበባው ሥር ያለችው ቅጠል ነፋስ የነካት ያህል ዘንበል ብላለች። ሳሙና አምራቹ ራሱ መጥቶ ናሙናውን አገላብጦ አየና «ይታተም» አለ።

ባለቤቷ እልል ልትል ምንም አልቀራት። ክቡርነታቸው በር ላይ ብቅ ሲሉ ማሽን የሚያንቀሳቅሱት ሁሉ አጨበጨቡላቸው።

«እንኳን ደስ አለህ! ገዛህ በቃ! ወንድ ነህ!»

«ማን? እኔ?» ክቡርነታቸው በስርቆት የተጠረጠሩ ያህል ደነገጡ። «እማዬ ናት እንጂ! ሙከራውን በኢሜይሏ ስጀምር የአጠቃቀም ትምህርቱ በየቀኑ ለእሷ ይላክላት ጀመር። ሠላሳ ዓመት ጸሐፊ ሆና ስለሠራች ለመጣ ደብዳቤ ምላሽ አለመስጠት ነውር ነው የምትል ሰው ናት። ‹ዛሬ ቅጠል ይሣሉ› አሏት፣ ሣለች። ‹ዛሬ ቀለም ይምረጡ› አሏት፣ መረጠች። በሰባተኛው ቀን ‹ይገዛሉ?› ቢሏት ‹እሺ› ብላ ገዛች፤ የሳሙናውንም ሌብል ራሷ ሠራችው። ሠንጠረዤን ዞር ብላ እንኳ አላየችውም!»

«አንተስ ምን ትሠራ ነበር?»

«ከኋላዋ ቆሜ ‹ቆይ እስቲ እማዬ፣ ቅጠሏ ትንሽ ዘንበል ትበል› እላታለሁ። ትናንት ቀኑን ሙሉ ሃያ ጊዜ አስቀየርኳት። ማንኪያ ወረወረችብኝ።»

ባለቤቷ ናሙናውን አንስታ ቅጠሏን ደግማ አየቻት። ከዚያም ይህ ሰው ዕድሜ ልኩን ምንም ነገር ሳይወስን እንዲኖር በልቧ ተመኘችለት።

«ታዲያ ቤትህ ገባ ማለት ገዛህ ማለት አይደል?» አላቸው ወረቀት አቅራቢው።

«በሕግ አምላክ!» አሉ ክቡርነታቸው። «እኔ አልገዛሁም፣ አልወሰንኩም፣ ሌብሉንም አልሠራሁም። ገና እያሰብኩበት ነው።»