አቅምሰህ ንጠቀው

እውነቱን ለመናገር፣ ሰዓት ሠሪው የታላቅ እህቱን ባል በቅጡ አያውቀውም። የሚያውቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ሰውዬው አላውቅም የሚለው ነገር እንደሌለና ሱቁ በመጣ ቁጥር ለወሬ እንዲመቸው ሬዲዮውን እንደሚዘጋ። ያም ሆኖ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሲጽፍ ሲሰርዝ የኖረባትን አንዲት ዘፈን፣ ሬዲዮ ጣቢያ እንዲያደርስለት ለእሱ ሰጠው። ዘፈኗ ነገ ዓርብ ትወጣለች። ሰሚ ካጣች ሁለተኛ ላይዘፍን ለራሱ ምሏል።

(አማች ይገባል፤ ሬዲዮውን ይዘጋል። ክርክሩ ከትናንት የዞረ ነው።)

አማች፦ አሁንም አልገባህም! ዘፈን ከመውጣቱ በፊት ሦስት ሳምንት በሬዲዮ ይሰማል። ሦስት! አራት ከሆነ ይሰለቻል፣ ሁለት ከሆነ ይረሳል።

ሰዓት ሠሪ፦ (አጉሊ መነጽሩን ዓይኑ ላይ እንደሰካ) ሰምቶ የወደደውስ የት ሄዶ ይገዛዋል?

አማች፦ የትም!

ሰዓት ሠሪ፦ የትም?

አማች፦ ጨዋታው እሱ ላይ ነው እኮ! ያምረዋል፣ ይፈልጋል፣ ያጣል። ዓርብ ሲወጣ ተጋፍቶ ይመጣል። ለሬዲዮ ፕሮግራሙ አዘጋጅ በድምፄ ቀድቼ የላክሁለት መመሪያ ይኸው ነው፤ «አቅምሰህ ንጠቀው!»

ሰዓት ሠሪ፦ እሱንማ ሰው ሁሉ ይለዋል።

አማች፦ ማን?

ሰዓት ሠሪ፦ ሰዓት ሊያሠራ የመጣ ሁሉ። ዛሬ ጠዋት አንዲት ነርስ ሰዓቷን ዘረጋችልኝና፣ ልቀበላት ስል ሰብሰብ አድርጋ «አቅምሰህ ንጠቀው!» ብላ ሳቀች።

አማች፦ አየህ! ጥሩ ሐሳብ እግር አለው።

ሰዓት ሠሪ፦ ጋሼ፣ ዘፈኗ ውስጥ «ሕዝብ እንደ ሕፃን ነው፣ ከረሜላ አሳይተህ ደብቅበት» የሚል አለ እንዴ?

አማች፦ ራስህ የጻፍከውን ረሳኸው? ስለ ፍቅር ነው እንጂ!

ሰዓት ሠሪ፦ እኔም እንደዚያ ነበር የመሰለኝ።

አማች፦ (በሐዘኔታ) እህትህ «ወንድሜ ትንሽ ፈዘዝ ይላል» ስትለኝ አላመንኳትም ነበር።

ሰዓት ሠሪ፦ በሬዲዮ የሚሰማው ድምፅስ የእኔ ነው?

አማች፦ ታዲያ የማን ሊሆን ነው፣ የእኔ? ትናንት ጠዋት እንኳ ታክሲ ውስጥ ሰምቼህ እንባዬ መጣ። ሾፌሩ አብሮህ ሲያንጎራጉር ነበር።

ሰዓት ሠሪ፦ ሲያንጎራጉር?

አማች፦ ከነዜማው!

(ሰዓት ሠሪው ቀና ብሎ፣ ግድግዳው ላይ ከተሰቀሉት ሰዓቶች በትክክል የሚሄደውን አንዱን ያያል።)

ሰዓት ሠሪ፦ አራት ሰዓት ሞላ። አንድ ጊዜ ልክፈተው?

አማች፦ እያወራሁ?

ሰዓት ሠሪ፦ አንዴ ብቻ።

(ይከፍታል። አዘጋጁ እየሳቀ «በአድማጮች ጥያቄ፣ ዛሬም!» ይላል። ከዚያ የአማች ድምፅ ጉሮሮውን ጠርጎ ይቀጥላል፦ «ስማኝ፣ ስለዚች ዘፈን ልምከርህ፤ ሕዝብ እንደ ሕፃን ነው፤ ከረሜላ አሳይተህ ደብቅበት። አቅምሰህ ንጠቀው!» አማች በርጩማው ላይ ዘፍ ይልና ስልኩን ይጎረጉራል።)

አማች፦ መመሪያው ሄዷል... ዘፈኑ ግን... «እየተላከ ነው» ይላል።

ሰዓት ሠሪ፦ ከመቼ ጀምሮ?

አማች፦ ከሦስት ሳምንት። (ራሱን ይዞ) አለቀልን! አንተስ እያወቅህ ዝም ትለኛለህ?

ሰዓት ሠሪ፦ አፌን በከፈትኩ ቁጥር «አልገባህም» ትለኛለህ። እውነትም ያልገባኝ መስሎኝ፣ ድምፅህን በሬዲዮ በሰማሁበት በመጀመሪያው ቀን ለአዘጋጁ ደወልኩለት።

አማች፦ ምን አለህ?

ሰዓት ሠሪ፦ «ቀልድ መስሎኝ ነው፣ ይቅርታ፣ ላንሳው?» አለኝ። ሰው ግን «ይሄ ሰውዬ የሚያወራላት ዘፈን የት አለች?» እያለ ስልኩን አጨናንቆታል። ስለዚህ ተወው አልኩት። ዘፈኗን ላክሁለትና እስከ ዓርብ እንዳትከፍታት አልኩት።

አማች፦ ለምን?

ሰዓት ሠሪ፦ አቅምሰህ ንጠቀው አላልክም? እኔ እንዲያውም ሳላቀምስ ነጠቅሁ።

(አማች ቀስ በቀስ ደረቱን ይነፋል።)

አማች፦ እኔም እኮ ሆን ብዬ...

ሰዓት ሠሪ፦ ጋሼ፣ ትናንት ታክሲ ውስጥ ሰምተህ እንባህ የመጣው የትኛውን ነው?

(አማች ከመደርደሪያው ላይ አንድ የቆመ ሰዓት ያነሳና፣ ጆሮው ላይ ለጥፎ በጥሞና ማዳመጥ ይጀምራል።)