ለአየሩ ብለው የመጡት ጋሽ ዘውዴ

በደርግ ጊዜ ከአዲስ አበባ ለቅቆ ወደኛ ናዝሬት የሚመጣ ሰው ሁሉ «ለአየሩ ብዬ ነው» ይል ነበር። እናንተዬ፣ አዲስ አበባ አየር የለም እንዴ?

ጎረቤቴ ጋሽ ዘውዴም ለአየሩ ብለው መጡ። በዚያ ሙቀት ካፖርታቸውን አያወልቁም። አንድ ቀን ቢራ ይዘን እውነቱን ነገሩኝ፤ የሸሹት የቀበሌያቸውን የእሁድ ስብሰባ ኖሯል።

«ወገቤን ጨረሱት እኮ!» አሉኝ።

ታዲያ እዚህ አርፈው አይቀመጡም? ገና በመጀመሪያው ስብሰባ እጃቸውን አወጡና «አዲስ አበባ እንዲህ አይደለም የሚደረገው!» አሉ። አዳራሹ አፉን ከፍቶ ሰማቸው። አንዱ ተነስቶ «እኚህ ሰው ይምሩን!» ሲል ሁላችንም አጨበጨብን። ያኔ የማያጨበጭብ ማን ነበር?

ከዚያ ወዲያ በአንድ ሰዓት ያልቅ የነበረው ስብሰባችን ምሳ ያሳልፈን ጀመር። የቀረ ሰው ከቀበሌ ሱቅ ስኳር አያገኝም፤ ማን ይቀራል?

እኔ ግን ወገቤ አልቻለም። ጓዜን ጠቅልዬ ዓለም ጤና የምትባል ትንሽ ከተማ ገባሁ። እዚያም በመጀመሪያው ስብሰባ «ጓድ፣ ከየት መጡ?» አሉኝ።

ናዝሬትን መጥራት? ሞቼ ነው! «ከገጠር ነኝ፤ ለአየሩ ብዬ ነው» አልኩና ሁለቱንም እጆቼን ኪሴ ከትቼ ተቀመጥኩ።